የውድድር ማርሽ በአባታችን ኮሮላ ላይ

ከወር በፊት ታናሽ ወንድሜ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አስጠግቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። የሰው ፊት የለበትም፤ የሚታየው እጅና ማርሽ ብቻ ነው። ማርሹ ከወለሉ ተነስቶ መሪው አጠገብ የደረሰ፣ የሚያብለጨልጭ የብረት ዘንግ ነው። እጁ ሳብ ሲያደርገው «ጠቅ!»፣ ገፋ ሲያደርገው «ጠቅ!» ይላል። በቃ፣ ቪዲዮው ይኸው ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት።

«ይሄን ነው ኮሮላዋ ላይ የማስገጥመው» አለኝ። ከዱባይ የሚመጣ ጓደኛ አለው፤ ዕቃውን በሻንጣው ይዞለት ሊመጣ ተስማምተዋል። ገንዘቡም ተልኳል።

ኮሮላዋ የአባታችን ነበረች። ዛሬ ወንድሜ በስልክ እየተጠራ ሰው ያመላልስባታል፤ የቤት ኪራዩም የእናታችን መድኃኒትም የሚወጣው ከእሷ ነው። አንድ ሳምንት ጋራዥ ከቆመች ቤታችን ውስጥ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ «አሪፍ ነው» ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። አነበብኩ፣ ጠየቅኩ፣ መካኒካችንንም አስቸገርኩ። ቪዲዮውን እናንተም አይታችሁት ይሆናልና ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር፣ «የውድድር ማርሽ» ተብሎ የሚሸጠው አንድ ዕቃ አለመሆኑ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩ ጭራሽ የማይገናኙ ነገሮች አሉ።

እውነተኛው፣ የራሊ መኪኖች ላይ የምናየው፣ ሲኩዌንሻል የሚባለው ነው። እንደ ተራ መኪና ግራና ቀኝ እየተባለ ማርሽ አይፈለግበትም፤ ያለው ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሳብ ሲደረግ አንድ ማርሽ ይጨምራል፣ ሲገፋ አንድ ይቀንሳል። ይህን ለማየት ታዲያ ሞንቴ ካርሎ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ባጃጅ ውስጥ ግቡና የሹፌሩን ግራ እጅ ተመልከቱ። ፍሪሲዮኑን ጨብጦ እጀታውን ሲያዞር ከ1ኛ ወደ 2ኛ፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ በተራ ነው የሚሄደው። ሞተር ሳይክልም በእግር ይሁን እንጂ ያው ነው። የሞተር ሳይክል ካምቢዮ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸበት ከበሮ የመሰለ ብረት አለ። ማርሹ በተረገጠ ቁጥር ከበሮው ትንሽ ይዞራል፤ ቦዩም ሹካ የሚመስሉ ብረቶችን ወዲህና ወዲያ እየገፋ ተራው የደረሰውን ማርሽ ያስገባል። የራሊ መኪናውም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። እንግዲህ በዚህ ስሌት የሰፈራችን ሞተረኛ ከወንድሜ ይልቅ ለራሊ ነጂ ይቀርባል ማለት ነው። (ይህን ስነግረው አልሳቀም።)

ልብ በሉ፣ ይህ ሙሉ ካምቢዮ ነው። እላዩ ላይ የሚታየው ዘንግ የመጨረሻው ትንሹ ነገር ነው። ዋጋው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ብዙዎቹ ሲሄዱ ይጮኻሉ፤ በየጊዜው እየተፈቱ መታደስም አለባቸው። ውድድር ላይ ይህ ሁሉ ችግር የለውም፣ ሹፌሩ የራስ ቁር አድርጓል፣ መካኒኮቹም ቆመው ይጠብቁታል። ተሳፋሪ ጭኖ ከመገናኛ ሜክሲኮ ለሚሄድ ግን አይሆንም።

ሌላው ዓይነት ካምቢዮውን ሳይነካ እላዩ ላይ የሚገጠም መሣሪያ ነው። እጃችንን ወደፊትና ወደኋላ ስናንቀሳቅስ እሱ በውስጥ በኩል ግራ ቀኙን ይፈልግልናል። ስሜቱ የውድድር፣ ካምቢዮው የድሮው።

ወንድሜ የከፈለበት ደግሞ ከሁለቱም አይደለም። አጭር ማርሽ፣ በእንግሊዝኛው ሾርት ሺፍተር የሚሉት ነው። ዘንጉ ከላይ ረጅም ቢመስልም የሚዞርበት ነጥብ አብሮ ከፍ ስለሚል እጅ የሚሄደው መንገድ ያጥራል። አሠራሩ ድጅኖ ለያዘ ሰው አዲስ አይደለም። የማርሽ ዘንግ መሃሉ ላይ የሚዞርበት ነጥብ አለው፤ ከነጥቡ በላይ እጃችን አለ፣ ከነጥቡ በታች ደግሞ ወደ ካምቢዮው የሚሄዱ ሁለት ኬብሎች ተያይዘዋል፤ አንዱ ለፊትና ኋላ፣ አንዱ ለግራና ቀኝ።

ቁጥር ላስገባ። ዘንጉ ከነጥቡ በላይ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ከነጥቡ በታች 6 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ማርሽ ለማስገባት የታችኛው ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር መሄድ ካለበት እጃችን 8 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። አሁን የታችኛውን ክፍል 8 ሴንቲ ሜትር እናድርገው። ለዚያው ሥራ እጃችን 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል። መንገዱ በአንድ አራተኛ አጠረ፤ ደስ ይላል። ግን ያንኑ ማርሽ ለማስገባት የምንጫነው ኃይል በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። የቀነሰው መንገድ በክንድ ይከፈላል። ለአንድ ቪዲዮ ምንም አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ 1ኛና 2ኛ ሲቀያይር ለሚውል ሰው ግን ማታ ትከሻው ይነግረዋል።

ደግሞም ካምቢዮው አልፈጠነም። የቤት መኪና ካምቢዮ ውስጥ ሲንክሮናይዘር የሚባሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከነሐስ የተሠሩ ቀለበቶች አሉ። ሥራቸው በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ክፍሎችን በሰበቃ አግባብቶ እኩል ማድረግ ነው። ያ ጊዜ ይፈልጋል፤ የሰከንድ ሽራፊ ብትሆንም። ዘንጉ ባጠረ ቁጥር ሰው እጁን ያፈጥናል፤ ቀለበቱ ሥራውን ሳይጨርስ ይገፋል፤ ከዚያ «ክርርር» የሚለውን ድምፅ ሁላችንም እናውቀዋለን። የእውነተኛ ውድድር ካምቢዮ በብዛት እነዚህ ቀለበቶች የሉትም፤ ትልልቅ ጥርሶች በቀጥታ ይናከሳሉ። ለዚህ ነው ያ ካምቢዮ የእጅን ችኮላ የሚችለው፣ የእኛው ግን የማይችለው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወንድሜን ይዤ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒካችን አባቴን የሚያውቁ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ዕቃው ሲመጣ በስንት ቀን ይገጥሙልኛል?» አላቸው ወንድሜ።

መልስ አልሰጡትም። በሩን ከፍተው ተቀመጡ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አደረጉና በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉት። ዘንጉ ድስት ውስጥ እንዳለ ማማሰያ ወዲህ ወዲያ ዋለለ። ከዚያ 3ኛ አስገቡና እንደገና ነኩት፤ ማርሽ ገብቶም ይወላወላል። የመሃሉን ፕላስቲክ ፈቱ፣ ባትሪ አበሩና «ና እይ» አሉት። ኬብሉ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቡሽ መኖር ነበረበት። ተበልቶ አልቋል፤ የቀረው የጥፍር ያህል ነው። ዘንጉን ከወለሉ ጋር ከያዙት ብሎኖች አንዱም ላልቷል።

«ልጄ፣ ማርሹ ረዘመብኝ ትላለህ» አሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «አልረዘመም። ግማሹን መንገድ ባዶ ነው የምትሄደው። በዚህ ላይ አዲስ ዘንግ ብገጥምልህ ባዶውን ነው የማሳጥርልህ።»

ያኔ ነው ነገሩ ለወንድሜም የገባው። የመኪናዋ ማርሽ ልክ እንደ ገንፎ የሆነው ከፋብሪካ እንዲህ ተሠርታ ሳይሆን ስላረጀች ነው። ሶማሌ ተራ ወረድን፤ ቡሾቹን አገኘን፤ ዋጋቸውም ለሁለት ሰው ምሳ ከምንከፍለው ብዙም አይበልጥም። መካኒካችን የሞተሩን መያዣ ጎማም አዩ፤ እሱ ከላላ ሞተሩ በተወዛወዘ ቁጥር ኬብሎቹ አብረው ይጎተታሉ። የካምቢዮ ዘይቱም ተቀየረ። መቼ እንደተቀየረ የሚያስታውስ አልነበረም።

አንድ አስፈሪ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በተለመደው የማርሽ አቀማመጥ 2ኛና 4ኛ ሁለቱም ወደኋላ ናቸው፤ የሚለያቸው ወደ ግራ የምትሄደው ትንሽ ርቀት ብቻ ናት። አንዳንድ ዕቃዎች ይህችንም ርቀት ያሳጥሯታል። ከ3ኛ ወደ 4ኛ እቀይራለሁ ብሎ 2ኛ የከተተ ሰው ምን እንደሚገጥመው እንየው። 2ኛው 1.90፣ 3ኛው 1.31 በሆነ ካምቢዮ፣ በ3ኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 5500 ዙር እየዞረ ከነበረ፣ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ወደ 8000 ገደማ ይወረወራል። ዘመናዊ መኪና ሞተሩ ከልክ በላይ እንዳይዞር ነዳጅ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ አለው፤ እዚህ ላይ ግን አያድንም። ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸውና። ቫልቭ ከፒስተን ጋር ከተጋጨ በኋላ ወሬው ስለ ማርሽ መሆኑ ይቀርና ስለ ሞተር ይሆናል።

የሚገርመው፣ ፎርሙላ ዋን ራሱ ይህን ዘንግ ትቶት ከሄደ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 ፌራሪ፣ በእንግሊዛዊው ጆን ባርናርድ የተነደፈችውን 640 የተባለች መኪና ለፎርሙላ ዋን አቀረበ። ማርሽ መቀየሪያዋ ከመሪው ኋላ ያሉ ሁለት ቅጠል መሰል ማንሻዎች ነበሩ። በልምምድ ላይ ደጋግማ ስለተበላሸች፣ ናይጄል ማንሰል ብራዚል ላይ ውድድሩን እንደማይጨርስ ገምቶ ቀደም ብሎ የሚነሳ አውሮፕላን ይዞ ነበር ይባላል። አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1997 ያው ሐሳብ ፌራሪ ኤፍ 355 ላይ ሆኖ ወደ መንገድ ወጣ፤ ዛሬ ተራ አውቶማቲክ መኪኖች ሳይቀሩ መሪያቸው ላይ አላቸው። ማርሹ መሪው አጠገብ ቢሆን ብቻ የሚበቃችሁ ከሆነ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓይነት ማኑዋል ቶዮታ ሃያስ ውስጥ ጋቢና ተቀመጡ፤ ማርሹ ዳሽቦርዱ ላይ ነው።

ታዲያ ማንም አያስገጥም እያልኩ አይደለም። ካምቢዮው ጤነኛ ከሆነ፣ ቡሽና ኬብሉ ከታደሰ፣ መኪናው የእንጀራ ሳይሆን የደስታ ከሆነ፣ አጭር ማርሽ እጅ ላይ የሚሰጠው ስሜት እውነተኛ ነው፤ ሞክሬዋለሁ፣ አልዋሽም። ብቻ ለዚያው ሞዴል የተሠራ ይሁን። ከተገጠመ በኋላም ሞተሩ ጠፍቶ እያንዳንዱን ማርሽ አስገብታችሁ እስከ መጨረሻው መግባቱን እዩ፤ በግማሽ የገባ ማርሽ ዳገት ላይ ተፈናጥሮ ይወጣል። የኋላ ማርሽ በስህተት እንዳይገባ የሚከለክለው ነገርም ሥራውን እየሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ይህን ሳያዩ ከጋራዥ አትውጡ።

ወንድሜ ግን የሚያናድደኝ አንድ ትክክል ነገር ተናግሯል። «ቆይ፣ ከአሁን በኋላ የሚገቡት እኮ የኤሌክትሪክ ናቸው፤ ማርሽ የሚባል ነገር የላቸውም» አለኝ። እውነቱን ነው። አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ማኑዋል ካምቢዮ ያለው መኪና ከነበረው ላይ የሚቀነስ እንጂ የሚጨመር አይደለም። ሰው ግን ነገሩን ይናፍቀዋል መሰለኝ፤ ሀዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን በተባለው የኤሌክትሪክ መኪናው ላይ ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮ የሚያስመስል አሠራር ጨምሯል፤ ድምፁና ንጥቂያው ሳይቀር። የሌለ ማርሽ ለማስመሰል ኮምፒውተር ይደክማል፤ እኛ ያለውን ቡሽ አንቀይርም።

ዘንጉ ከዱባይ መጣ። ወንድሜ ከካርቶኑ አውጥቶ ለመካኒካችን አሳያቸው፤ ገለባበጡና «ብረቱ ጥሩ ነው» ብለው መለሱለት። ኮሮላዋ አሁን 3ኛዋ ስትገባ ራሱ «ጠቅ» ትላለች፤ እንደ ቪዲዮው ባይሆንም። ዕቃውን ለመሸጥ አልፈለገም፤ የራሱን መኪና ሲገዛ እንደሚገጥመው ነግሮኛል። ለጊዜው ቴሌቪዥኑ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ቆሟል። እናታችን አቧራ ስትጠርግ እያነሳች «ይሄ ብረት መቼ ነው ከቤቴ የሚወጣው?» ትላለች።