እማሆይ ገላነሽ በየትኛው ዲፓርትመንት ይመደቡ ነበር?

አምቦ ዩኒቨርሲቲ የገባ አዲስ ተማሪ ከሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች አንዱ «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ»፣ ሌላው «ኢንክሉሲቭነስ» ይባላል። ሁለቱም የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ በየዩኒቨርሲቲው የተዘረጉ ናቸው። የፊተኛው ስለ ክርክር አሠራርና ስለ ስሕተተ አመክንዮ ያስተምራል፤ የኋለኛው ስለ አካል ጉዳተኝነትና ስለ አካታች ትምህርት። አንዱን ፍልስፍና ያጠና መምህር ይይዘዋል፣ ሌላውን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ። መምህራኑ ሻይ ቤት ካልተገናኙ በቀር ኮርሶቹ አይገናኙም። ፍልስፍና በአገራችን ከአካል ጉዳተኝነትና ከሴቶች ጥያቄ ጋር ያለው ዝምድና ይኸው ነው፤ ጥያቄው አለ፣ ግን ለሌላ ቢሮ ተመርቷል።

ዘመናዊው የፍልስፍና ትምህርት ሥር የያዘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ነው። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክላውድ ሰምነር በ1953 እ.ኤ.አ. መጥተው ለረዥም ዘመን እዚሁ አስተማሩ። «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» ብለው ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአምስት ቅጽ ያሳተሙት ሥራ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መጻሕፍት አሉ፤ አብረው ሲነበቡ ያስገርማሉ። አንደኛው የስክንድስ ታሪክ ነው። ስክንድስ ሴት ሁሉ አመንዝራ ናት የሚል ቃል አንብቦ እውነቱን ለማረጋገጥ የገዛ እናቱን የፈተነ፣ እናቱም ማንነቱን ስታውቅ በኀፍረት ራሷን ስለ ገደለች ዳግም ላይናገር የማለ ጠቢብ ነው። ንጉሡ ሲጠይቀው በጽሑፍ ይመልሳል። እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ፤ በገዛ ፈቃዱ ዲዳ የሆነ ወንድ ፈላስፋ ለመባል ዝምታው አላገደውም። እናቲቱ ግን ስም እንኳ የላትም።

ሁለተኛው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ነው። የጌታው ቤት ሠራተኛ የነበረችውን ሒሩትን ሲያገባ አገልጋይ ሳትሆን ሚስት እንድትባል ይሻል፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና። የወር አበባን እንደ ርኩሰት የሚቆጥረውን ሕግም ይነቅፋል። መጽሐፉን የጻፈው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚለውን ጥርጣሬ ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ካነሣው ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። በእኔ ግምት ይህ «ማን ጻፈው» የሚለው ሙግት «ምን አለ» የሚለውን ውጦታል። ስለ ደራሲው ማንነት የፈሰሰውን ቀለም ያህል ስለ ሒሩት ቢፈስ ኖሮ የኢትዮጵያ ፌሚኒስት ፍልስፍና ዛሬ ራሱን የቻለ ኮርስ በሆነ ነበር።

ከግቢው አጥር ውጭ ግን ሌላ ጉባኤ ነበር። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ውስጥ ቅኔ አስተምረዋል። ሴት ነበሩ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዐይነ ስውር ነበሩ፤ የተማሩት ከአባታቸው ከቅኔ መምህሩ ነው፤ በእግራቸው ሥር ተቀምጠው የተማሩት ደግሞ ወንዶች ነበሩ። ይህ ተአምር አይደለም፣ የቅኔ ቤቱን አሠራር ማየት ይበቃል። ተማሪው ቀን ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። መምህሩ በጆሮው ሰምቶ የግሱን ግድፈት፣ የቤቱን መላላት፣ የሰሙንና የወርቁን አለመግጠም እዚያው ያርማል። ብራና የሚገልጥ የለም። ዐይነ ስውሩ መምህር ከሌላው የሚለይበት ነገር ስለሌለ «ልዩ ድጋፍ» የሚባል ነገር አይታሰብም። ያንኑ ሰው የሎጂኩ የቬን ክበብ በነጭ ሰሌዳ ወደሚሣልበት ክፍል አስገቡት፤ ወዲያው ተረጂ ይሆናል። ጉዳቱ ከሰውየው ይልቅ ከክፍሉ አደረጃጀት ይመጣል የሚለው የዘመኑ ክርክር ከዚህ የቀረበ ምስክር ያገኛል ብዬ አላስብም።

የቅኔ ቤቱን ማሞካሸት ግን አይገባም። ሴት የቅኔ መምህር ጥቀሱ ስንባል አፋችን ላይ የሚመጣው ያው አንድ ስም ነው፤ እሳቸውም የመምህር ልጅ ባይሆኑ በሩ መከፈቱ ያጠራጥራል። ቅኔ ግጥም እንጂ ፍልስፍና አይደለም የሚልም አይጠፋም። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ክሪስቲ ዶትሰን በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ የተቸችው ይህንኑ ጠባይ ነው፤ «ይህ እንዴት ፍልስፍና ይሆናል» የሚለው ጥያቄ የበር ጠባቂ ሥራ እንደሚሠራ አሳይታለች።

ከቅኔ ቤቱ ሌላ፣ አምቦ ባለችበት በምዕራብ ሸዋ በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ የሚነሣው ሲንቄ ነው። ሴት ስታገባ የምትይዘው በትር ነው፤ መብቷ ሲደፈር ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ። የገዳ እርከን ወንዶችን ብቻ ስለሚያሳልፍ ሲንቄ እንደ ሚዛን ይታያል። ሰምነር የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት በሦስት ቅጽ አሰባስበዋል፤ ፕሮፌሰር ወርቅነህ ቀልቤሳም የኦሮሞን የአካባቢ ሥነ ምግባር ወደ ፍልስፍና መድረክ አውጥተዋል። ስለ ሲንቄ በ1997 እ.ኤ.አ. የጻፈችው ኩዌ ኩምሳ ግን በደርግ ዘመን ታስራ የወጣች ጋዜጠኛ ነበረች፤ ኋላም ካናዳ ውስጥ የሶሻል ወርክ መምህር ሆነች።

ሌሎቹም ጥያቄዎች እንዲሁ ከፍልስፍና ክፍል ውጭ ነው የተስተናገዱት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ጥናት የራሱ ማዕከል ተሰጠው፤ አካል ጉዳተኝነት ወደ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ሄደ፤ ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ አካል ጉዳተኝነት ያሳተሙት መጽሐፍ የወጣው ከዚያ ወገን ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበለችው የመብት ተሟጋቿ የትነበርሽ ንጉሤ ሕግና ሶሻል ወርክ ነው ያጠናችው። ወሎ ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዐይኗን አጣች፤ ዐይነ ስውርነቷ ያለዕድሜ ከመዳር እንዳተረፋት በአደባባይ ተናግራለች። ጾታና አካል ጉዳት አንድ ሕይወት ውስጥ ሲጠላለፉ ጉዳቱ መከታ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ የሚያሳይ ቃል ነው፤ ለአንድ ሴሚስተር ሙግት ይበቃል።

ውጭ አገርም ቢሆን ፍልስፍና እነዚህን ጥያቄዎች በቅጡ ማንሣት የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። አርስቶትል ሴትን እንደ ጎደለ ወንድ ቆጥሮ፣ አካሉ የጎደለ ሕፃን እንዳያድግ ሕግ ይውጣ ብሏል፤ ሁለቱ ጥያቄዎች ከመነሻቸው የተጋመዱ ናቸው። ፈላስፋዋ ኢቫ ኪቴይ ከባድ የአእምሮ ጉዳት ያለባትን ልጇን ከማሳደግ ተነሥታ በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ እንክብካቤና ጥገኝነት ጻፈች። ኤልዛቤት ባርንስ በ2016 እ.ኤ.አ. አካል ጉዳት በራሱ ክፉ ዕጣ አይደለም ብላ ተሟገተች። ሼሊ ትሬሜን ደግሞ ፍልስፍና ራሱ አካል ጉዳተኞችን እንዴት ከመንበሩ እንደሚያርቅ ለዓመታት ስትወቅስ ኖራለች።

ኢትዮጵያ ተወልዳ አየርላንድ የተማረችው አበባ ብርሃኔ ሰው በሰው ሰው ይሆናል ስትል ዴካርትን የሞገተችው ከኮግኒቲቭ ሳይንስ ክፍል ሆና ነው። እንግዲህ አምቦም ሆነ ሌላ ቦታ ለመጀመር አዲስ ዲፓርትመንት አያሻም። የሎጂክ ሞጁሉ «አድ ሆሚነም» የሚባለውን ስሕተት፣ ማለትም ክርክሩን ትቶ ተናጋሪውን ማጣጣልን፣ ያስተምራል። ያን ሳምንት የኢንክሉሲቭነሱ መምህር ተጋብዘው ሴት ስለሆነች፣ ዐይነ ስውር ስለሆነ ብቻ ቃሉ የማይታመን ሰው የሚደርስበት በደል የአመክንዮም ስሕተት መሆኑን ከባልደረባቸው ጋር ተማሪው ፊት ይከራከሩበት።