ተረትና እውነታ፦ የእንግሊዝኛ ፈተና «አጭር መልስ» በሶባ ምንባብ ሲፈተሽ

የአገር ቤቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈበት ተማሪ እንግሊዝኛ ምንባብ ሲሰጠው ዓይኑ ወዲያው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ይፈልጋል። አይኤልትስን በመሰለ ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ግን የሚያጠቁረው ፊደል የሌለው፣ ባዶ መስመር ብቻ የተተወለት ጥያቄ ይገጥመዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የፈነዳው የሱዳን ጦርነት ከመበተናቸው በፊት፣ በካርቱም ሰፈሮች በጅሬፍና በዴም ይኖሩ ከነበሩት ሐበሾች መካከል ለትምህርት ወይም ወደ ሌላ አገር ለመሻገር እንግሊዝኛ የሚያጠኑ ነበሩ። ስለ አጭር መልስ የሚወራው ወሬ እዚያም አዲስ አበባም ያው ነው።

ወሬውን ለመፈተሽ ከካርቱም ብዙም ሳንርቅ አንድ ምንባብ እናዘጋጅ። በእንግሊዝኛ ተጽፎ እንደቀረበላችሁ ቁጠሩት፦

«ሶባ በጥቁር ዓባይ ዳር የነበረች፣ የክርስቲያኑ የአልዋ መንግሥት ዋና ከተማ ናት። በ10ኛው መቶ ዘመን ኢብን ሱለይም አል-አስዋኒ ስለ ውብ ሕንፃዎቿና በወርቅ ስለተሞሉ አብያተ ክርስቲያናቷ ጽፏል። በአብደላብ ነገድ ትውፊት መሠረት ከተማዋን ያጠፋት አብደላህ ጀማዕ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ካርቱም ስትገነባ የሶባ ቀይ ጡቦች ወደ አዲሲቱ ከተማ ተወሰዱ።»

ተረት፦ ስለ ርዕሱ ቀድሞ የሚያውቅ ይቀናዋል።

እውነታ፦ ማወቅ ንባቡን ያፈጥናል፤ ያንኑ ያህልም ያሳስታል። «በአብደላብ ትውፊት መሠረት ሶባን ማን አጠፋት?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሱዳንን ታሪክ ያነበበ ተማሪ ፉንጆች የሴናርን ሱልጣኔት በ1504 እ.ኤ.አ. እንደመሠረቱ፣ የፉንጅ ዜና መዋዕልም የሶባን መጥፋት ከእነሱ ጋር እንደሚያያይዘው ያስታውስና «ፉንጆች» ብሎ ይጽፋል። ከታሪክ ምሁራን ጋር ቢከራከር ሰሚ ያገኝ ይሆናል፤ ከአራሚው ግን ዜሮ ነው የሚያገኘው። ምንባቡ የሚለው አብደላህ ጀማዕ ነውና። የእኛ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከኑቢያ የመጡ መልእክተኞች ዓፄ ልብነ ድንግልን ካህናት እንዲልኩላቸው ሲለምኑ ማየቱን ጽፏል። ንጉሡም ጳጳስ ለራሳቸው የሚመጣላቸው ከእስክንድርያ መሆኑን ነግረው መለሷቸው። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ስለ ኑቢያዊቷ አልዋ ክርስትና ሲጠየቅ ብዕሩን መግታት ይቸግረዋል። እኔም ቢሆን ይቸግረኛል። ነገር ግን ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች ውጭ የሆነ ዕውቀት ሁሉ ለዚያች ሰዓት ጥቅም የለውም።

ተረት፦ መልስ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲጻፍ ያምራል።

እውነታ፦ ይህ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተወረሰ ነው፤ «በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ» ያልተባለ ማን አለ? አሁን ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ «ከሶባ ፍርስራሽ የትኛው የግንባታ ቁሳቁስ ተጓጓዘ? ከሁለት ቃል ባልበለጠ መልስ።» መልሱ «ሬድ ብሪክስ» ነው። «ዘ ሬድ ብሪክስ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ጡቡን አግኝቶታል፤ በ«ዘ» ምክንያት ግን ሦስት ቃል ሆኖበት ማርኩን አጣ። «ዘ ሬድ ብሪክስ ወር ቴክን ቱ ካርቱም» ያለው ደግሞ ሰዋስዉን አሳምሮ ሰባት ቃል ጻፈ፤ እሱም አጣ። በአይኤልትስ የቃላት ገደብ ምክር አይደለም፤ ካለፈ መልሱ ይሰረዛል።

ይህን ጥያቄ ደግማችሁ እዩት። «የግንባታ ቁሳቁስ» የሚለው ሐረግ ምንባቡ ውስጥ የለም፤ «ተጓጓዘ»ም የለም። ያለው «ቀይ ጡብ» እና «ተወሰዱ» ነው። ጠያቂው ሆን ብሎ ቃሉን ይቀይራል፤ ስለዚህ የጥያቄውን ቃል እንዳለ ምንባቡ ውስጥ የሚያስስ ተማሪ ደቂቃውን ፈጅቶ ባዶ እጁን ይቀራል። የማይቀየሩት የሰው ስም፣ የቦታ ስምና ዓመተ ምሕረት ናቸውና ፍለጋው ከእነሱ ይጀምር።

ተረት፦ መገልበጥ ነውር ነው፤ በራስ ቃል መጻፍ አለበት።

እውነታ፦ እንደ ፈተናው ነው። የአይኤልትስ መመሪያ ቃላቱን ከምንባቡ ውሰድ ይላል፤ እዚያ የራሱን ተመሳሳይ ቃል የፈጠረ ብልጥ ራሱን ይጎዳል። በካምብሪጅ የአይጂሲኤስኢ እንግሊዝኛ ግን «በራስህ ቃል አብራራ» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እዚያ ኢብን ሱለይም ሶባ ውስጥ ምን እንዳደነቀ ተጠይቆ «ፋይን ቢልዲንግስ» ብሎ የገለበጠ ተማሪ መረዳቱን አላሳየም። አንዱ ፈተና ላይ ማርክ የሚያስገኘው ሐረግ ሌላው ላይ ያስጥላል። ከአንዱ ፈተና ወደ ሌላው የተዛወረ ተማሪ የድሮ ልማዱን ይዞ ገብቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ተረት፦ እያንዳንዱን ቃል ሳይረዱ መመለስ አይቻልም።

እውነታ፦ በአይኤልትስ ንባብ 60 ደቂቃ፣ 3 ክፍልና 40 ጥያቄ ነው ያለው። ለመዝገበ ቃላት ዓይነት ንባብ ጊዜ የለም። የአጭር መልስ ጥያቄዎች የምንባቡን ቅደም ተከተል ስለሚከተሉ፣ የሁለተኛው መልስ ከአንደኛው በታች ይፈለጋል።

ተረት፦ ካልተረጋገጠ ባዶ ይተው።

እውነታ፦ በአይኤልትስ ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም።

ተረት፦ መልሱን ወደ መልስ ወረቀቱ ለመገልበጥ ተጨማሪ 10 ደቂቃ ይሰጣል።

እውነታ፦ 10 ደቂቃው የተሰማው ስለ ማዳመጥ ክፍል ነው፤ እሱም ፈተናው በወረቀት ሲሆን ነው። የንባቡ ክፍል እንዲህ ያለ ትርፍ ጊዜ የለውም። በጥያቄው ወረቀት ጠርዝ ላይ የቀረ ትክክለኛ መልስ አይታረምም፤ መልስ ወረቀቱ ላይ ደርሶ ስፔሊንጉ የተሳሳተም ማርክ አያገኝም። «ብሪክስ» ከሚለው የመጨረሻዋን ኤስ የጣለ ተማሪም ጉዳዩ ያው ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቃሉ ምንባቡ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል እያዩ ወዲያው መልስ ወረቀቱ ላይ ማስፈር ነው።