«እሺ» አሉኝ፣ ግን ጾሙ

ዛሬ ከራሴ ስህተት ልነሳ።

ረመዳን ሊገባ ሰሞን አንዲት እናት ከዋሂል ልጃቸውን አስከትለው መጡ። የስኳር ሕመም አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። «እናቴ፣ ዘንድሮ አይጹሙ፤ አደገኛ ነው» አልኳቸው። ልጃቸው በኦሮምኛ ነገራቸው። «እሺ» አሉ። እኔም ጨረስኩ ብዬ ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ።

ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን በላብ ተጠምቀው፣ ልጃቸውን መለየት አቅቷቸው ይዘዋቸው መጡ። ስኳራቸው 41 ነበር። ግሉኮስ በደም ሥር ሰጠናቸውና ነቁ። ለካ የድሮውን መጠን ሳይቀንሱ ወግተው ጾመዋል።

«ለምን አልነገሩኝም?» ስላቸው ነርሷ አስተረጎመችልኝ፦ «ልጄ፣ አንተ መች ጠየቅከኝ?»

እውነታቸውን ነው። አደጋውን መንገር የኔ ሥራ ነው፤ ውሳኔው ግን የሳቸው ነው። እኔ ሁለቱንም ለብቻዬ ወሰድኩት። «እሺ» ደግሞ ለሐኪም የሚሰጥ አክብሮት እንጂ ሁሌ ስምምነት አይደለም።

በማግስቱ ሼኻቸው ባሉበት እንደገና ተነጋገርን። ሼኹ ሕመምተኛ በሃይማኖቱም እንደተፈቀደለት፣ በምትኩ ድሃ ማብላት እንደሚችሉ አስረዷቸው። የቀረውን አልጾሙም፤ አሁን ግን ወስነው ነው።

ይሄ የአንድ እምነት ጉዳይ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። ኦርቶዶክሱም መድኃኒቱን እስከ 9 ሰዓት ያቆየዋል፤ እሱም የንስሐ አባቱን ማማከር ይችላል።

ስኳር ካለባችሁ ወይም ቤታችሁ ታማሚ ካለ፦

✔ ከጾሙ ከአንድ ሁለት ወር በፊት ሐኪም አማክሩ። መጠኑን በራሳችሁ አትቀይሩ፣ አታቋርጡ።

✔ «መጾም እፈልጋለሁ» በሉን። አንቆጣም።

✔ እየጾማችሁም ስኳራችሁን ለኩ። ጣት መወጋት ጾም እንደማያስፈታ ብዙ ዑለማዎች ይስማማሉ።

✔ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ወዲያው አፍጥሩ፤ ከ300 በላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ሕክምና ሂዱ።

✔ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከታየ የነቃውን ሰው ስኳር ያለው ነገር አጠጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ ወደ ሕክምና ሩጡ።

ባልደረቦቼ ሐኪሞች፣ እኛም «አይጹሙ» ከማለታችን በፊት «ምን አስበዋል?» እንበል።

ለሚጾም ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።