በውሰት ለዘመድ ስለ ተሰጠ አውቶሞቢል አመላለስ

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት በካርቱም ከተማ ኢትዮጵያውያን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ኖረዋል። ከመተማ ወደ ጋላባት፥ ከዚያም በገዳሪፍ በኩል አልፈው ወደዚያች ከተማ የገቡት ወገኖች በዴምና በጅሬፍ ሰፈሮች ሲሠሩና ሲነግዱ፥ በሰው አገር ገንዘብ ጠባቂም፥ ዋስም፥ ምስክርም የሚሆናቸው ዘመድ ነበረ። ስለዚህም አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ወይም ወደ ሌላ አገር ሲሻገር፥ በልፋቱ የገዛውን አውቶሞቢል ቁልፍ ለወንድሙ ወይም ለእኅቱ ልጅ ትቶ መሄዱ የተለመደ ነገር ነው። ከዘመድ ጋር መፈራረም እንደ ነውር ስለሚቈጠር ግን ወረቀት አይጻፍም። ፍቅሩ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ፥ «ተቀምጠው የሰቀሉት ቆመው ለማውረድ ያስቸግራል» የተባለው ተረት ያን ጊዜ ይደርሳል።

ነገሩን በምሳሌ ለመግለጥ፥ አንድ ሰው ከካርቱም ወደ ጎንደር ሲመጣ አውቶሞቢሉን ለእኅቱ ልጅ አውሶ ሄደ እንበል። እርሱ በአገሩ ሳለ በውርስ ቤት ምክንያት ከእኅቱ ጋር ተጣላ። ከዚህ በኋላ የእኅቱ ልጅ መልእክት ሲላክበት መልስ አይሰጥም፤ ሽማግሌ ሲጠይቀውም «አጎቴ ስለ ድካሜ የሰጠኝ ነው እንጂ ያዋሰኝ አይደለም» ይላል። እንግዲህ ባለ ሀብቱ ንብረቱን የሚያስመልሰው በምን መንገድ ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ውሰት ማለት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በ2767ኛው አንቀጽ እንደሚያመለክተው፥ ውሰት አንዱ ወገን የሚንቀሳቀስ ንብረቱን ሌላው ያለ ዋጋ እንዲገለገልበት የሚያስረክብበት፥ ተቀባዩም ከተገለገለበት በኋላ ያንኑ ዕቃ የሚመልስበት ውል ነው። ዋጋ ስለማይከፈልበት ከኪራይ ይለያል፤ ዕቃው ራሱ ስለሚመለስ ከስጦታ ይለያል። ከገንዘብ ብድርም እንዲሁ ይለያል፤ ይኸውም ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ማስረዳት እንደማይቻል በ2472ኛው አንቀጽ ሲታዘዝ፥ ይህ ትእዛዝ የወጣው ለገንዘብና እንደ ገንዘብ ለሚቈጠር አላቂ ነገር ነው፤ ለውሰት አይደለም። ስለዚህ በቃል የተደረገ ውሰት ውል አይደለም ብሎ ተስፋ መቍረጥ አይገባም።

በሱዳን አገርም ይኸው ውል «ዓሪያ» ተብሎ ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የሱዳን የፍትሐ ብሔር ግንኙነቶች ሕግም መሠረቱ የእስልምና ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መምህራን መካከል ስለ ዓሪያ የቈየ ክርክር አለ። በሐነፊ ትምህርት ዘንድ አዋሹ በፈለገ ጊዜ ዕቃውን መልስልኝ ሊል ይችላል፤ በማሊኪ ትምህርት ዘንድ ግን ቀን የተቈረጠለት ውሰት እስከ ቀኑ ድረስ መጠበቅ አለበት። የሱዳን ሕዝብ አብዛኛው በማሊኪ ሥርዓት የሚመራ ሲሆን፥ ፍርድ ቤቶቹ ግን ከቱርክና ከግብፅ አገዛዝ ዘመን ጀምሮ የሐነፊን ትምህርት ብዙ ጊዜ ተከትለዋል። ስለዚህ አንድ ሰው በካርቱም ሲያውስ የመመለሻውን ቀን በግልጥ ቢናገር፥ ወይም «በጠየቅሁህ ጊዜ ትመልሳለህ» ብሎ በምስክር ፊት ቢያስታውቅ፥ ከዚህ ሁሉ ክርክር ያርፋል።

ሁለተኛው ነገር ማስረጃ ነው። በኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በ1193ኛው አንቀጽ እንደ ተነገረው፥ የሚንቀሳቀስ ዕቃ በእጁ ያደረገ ሰው ባለ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ይህ ግምት በማስረጃ ሊፈርስ ይችላል፤ የማፍረሱ ድካም ግን በጠያቂው ላይ ነው። አውቶሞቢል በመንግሥት መዝገብ የሚጻፍ ንብረት በመሆኑ በዚህ ረገድ ከሌላው ዕቃ ይሻላል። በኢትዮጵያ ሊብሬው፥ በሱዳን ደግሞ ከትራፊክ ፖሊስ መዝገብ የሚወጣው የምርመራ ምስክር ወረቀት የባለ ሀብቱን ስም፥ የሻንሲውንና የሞተሩን ቍጥር ይገልጣል።

ይሁን እንጂ በካርቱም አንድ ልማድ ብዙ ሰው ላይ ችግር ያመጣል። ይኸውም ብዙዎች አውቶሞቢል ሲገዙ ስሙን በመዝገብ አያዛውሩም፤ ሻጩ «ተውኪል» የሚባለውን የውክልና ወረቀት ይሰጣቸዋል፥ እነርሱም በዚያው ይነዳሉ፥ ለሌላም ይሸጣሉ። እንዲህ የገዛ ሰው በመዝገብ ላይ ስሙ ስለማይገኝ፥ ከመጀመሪያው ሻጭ እስከ እርሱ የደረሱትን ውክልናዎች ሁሉ ማሳየት ይኖርበታል። ከዚህም የባሰው፥ ዘመዱ በመንገድ እንዳይያዝ ብሎ ራሱ ተውኪል የጻፈለት ሰው ነው፤ ወረቀቱ ለመንዳት ብቻ ነው ወይስ ለመሸጥም ያስችላል? ለመሸጥ የሚያስችል ከሆነ፥ የመጀመሪያው ሥራ ያን ውክልና በሕጋዊ መንገድ መሻርና መሻሩንም ለያዘው ሰው ማስታወቅ ነው። ይህ ሳይደረግ የሚያልፍ እያንዳንዱ ቀን አውቶሞቢሉ ለሦስተኛ ሰው ሊሸጥ የሚችልበት ቀን ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ነገር የመጠየቂያው ቀን ነው። ብዙ ሰው ለዘመዱ በስልክ ይለምናል፥ በሰው በሰው ይልካል፥ ያኰርፋል፥ ይታገሣል፤ በግልጥ «በዚህ ቀን መልስልኝ» ብሎ ግን አይጽፍም። በኢትዮጵያ ሕግ በ1772ኛውና በ1773ኛው አንቀጽ መሠረት ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ባለ ዕዳውን ማስጠንቀቅ አለበት፤ ማስጠንቀቂያውም በጽሑፍ ወይም ፈቃዱን በማያጠራጥር ሁኔታ በሚገልጥ ሌላ አድራጎት ሊሰጥ ይችላል። በሐነፊ ትምህርትም ተዋሹ እንደ አደራ ጠባቂ ስለሚቈጠር፥ ያለ ጥፋቱ ለጠፋው ዕቃ አይጠየቅም፤ ነገር ግን ባለ ሀብቱ ጠይቆት እየቻለ አልመልስም ካለ፥ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንደ ቀማኛ ይቈጠራል፥ ዕቃው በድንገት ቢጠፋም ኀላፊነቱ የእርሱ ነው።

ይህ ነገር ከንቱ ክርክር አለመሆኑን የካርቱም መከራ አስተምሯል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይል መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ በከተማይቱ እጅግ ብዙ አውቶሞቢሎች ተዘርፈዋል፥ ተቃጥለዋል። ጦር ሠራዊቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከተማይቱን መልሶ እስኪይዝ ድረስ ሕዝቡ በየአቅጣጫው ተሰድዶ ነበር። እንግዲህ ከላይ በተነገረው ምሳሌ፥ አጎቱ አውቶሞቢሉን ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት በምስክር ፊት በጽሑፍ ጠይቆ የእኅቱ ልጅ ከልክሎት ከነበረ፥ በኋላ የተዘረፈውን መኪና ዋጋ ሊጠይቀው የሚያስችል ምክንያት አለው። አጎቱ በልቡ አዝኖ ዝም ብሎ ከነበረ ግን፥ የእኅቱ ልጅ «በአደራ ይዤው ሳለሁ ጦር ወሰደው» ቢል መልሱ ይከብዳል። ሁለቱን የሚለያያቸው ቀን የተጻፈበት አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ስድብና የቤተ ሰብ ታሪክ ሊጨመርበት አይገባም። የአውቶሞቢሉ ዓይነት፥ የሰሌዳው፥ የሻንሲውና የሞተሩ ቍጥር፥ የተሰጠበት ቀን፥ በውሰት መሰጠቱ፥ የመመለሻው ቀንና ቦታ ከተጻፈበት ይበቃል። ሽማግሌዎች ከገቡበትም መልካም ነው፤ በካርቱም ያሉ ወገኖች ነገራቸውን በሽማግሌ መጨረሳቸው ከፍርድ ቤት ወጪና ከሰው ፊት ያድናቸዋል። ነገር ግን የሽማግሌዎቹ ስምምነት በቃል አይቅር። ተዋሹ ለጥገናና ለጎማ ያወጣው ገንዘብ እንዲታሰብለት ቢስማሙ፥ ይህም በዚያው ወረቀት ላይ ይግባ፤ ብዙ ጊዜ «አልመልስም» የሚለው ቃል ሥሩ «ወጪዬን ማን ይከፍለኛል?» የሚል ነውና።

ሽምግልናው ካልተሳካ ክሱ አውቶሞቢሉ በሚገኝበት አገር ቢቀርብ ይሻላል፤ በጎንደር የተፈረደ ፍርድ ብቻውን በካርቱም አይፈጸምምና። በአካል ሊገኝ የማይችል ሰው በሚመለከተው መሥሪያ ቤትና በኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና ለታማኝ ሰው ይስጥ፤ ውክልናውም ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተወሰነ ይሁን።

የወንጀል ክስም አለ። በሱዳን እ.ኤ.አ. የ1991 የወንጀል ሕግ 177ኛ አንቀጽ፥ በኢትዮጵያም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 675ኛ አንቀጽ፥ በአደራ የተቀበለውን ንብረት ለራሱ ያደረገን ሰው በእምነት ማጉደል ይቀጣሉ። ሆኖም መዘግየት ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ዕቃውን የራሱ ለማድረግ ማሰቡ መረዳት አለበት፤ መሸጡ፥ ቍጥሩን መለወጡ፥ መደበቁ የዚህ ምልክት ናቸው። ወንድምን ወይም የእኅትን ልጅ በፖሊስ ማስያዝ ለትውልድ የሚተርፍ ቂም ስለሚያመጣ፥ ይህ መንገድ የመጨረሻው ይሁን።

ትርፍ ቁልፍ ይዞ በሌሊት አውቶሞቢሉን ማምጣት ግን ፈጽሞ አይመከርም። ባለ ሀብቱ በገዛ ንብረቱ ሌባ ተብሎ ሊከሰስ ይችላል፤ በውስጡ የነበረ ገንዘብና ዕቃ ጠፋ ቢባልም መልስ አይኖረውም።

በመጨረሻም ዝም ብሎ መታገሥ ሌላ አደጋ አለው። በኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ 2081ኛ አንቀጽ መሠረት፥ አውቶሞቢል ላደረሰው ጉዳት ባለ ሀብቱ ይጠየቃል፤ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት እንኳ ቢሆን፥ ከመሰረቁ በቀር ባለ ሀብቱን ነጻ አያወጣውም። በፈቃድ ያዋሰ ሰው ደግሞ ተሰረቅሁ ሊል አይችልም። ስለዚህ የተጣላ ዘመድ በኢትዮጵያ ምድር በሚነዳው አውቶሞቢል ሰው ቢገጭ፥ የተጐዳው ሰው የሚመጣው ሊብሬው ላይ ስሙ ወደ ተጻፈው ሰው ቤት ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ተብሏል። ቁልፍ በሚሰጥበት ዕለት ቀኑ፥ ቍጥሮቹና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ያሉበት ወረቀት በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በአዋሹ፥ አንዱ በተዋሹ እጅ ይቀመጥ። ወረቀቱን ሁለቱም በፍቅራቸው ጊዜ ስለሚፈርሙት፥ የሚጽፉት ቃል እውነተኛ ይሆናል።