ያውቁ ኖሯል? ኢንተርኔት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እንዴት ይደርሳል?

● ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የቴሌኮም ዘርፉን ለውድድር የከፈተው ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ነው። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ኢትዮ ቴሌኮም ተፎካካሪ አገኘ።

● የሞባይል ሞገድ ተራራ ሲጋርደው ይደክማል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና እና ወደ በሽሎ ወንዝ የሚወርደው የስማዳ ገደል ለኔትወርክ ፈተና ናቸው። የቆላው ሰው ለመደወል አፋፍ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ ማማውም ከፍታ ላይ የሚተከለው ለዚሁ ነው።

● ኢንተርኔትን ከከተማ ወደ ከተማ የሚያደርሰው ፋይበር እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው። በውስጡ የሚሮጠው ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ለመድረስ የሰከንድ መቶኛ እንኳ አይፈጅበትም።

● በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ ቴሌብር፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ነፋስ መውጫ ገበያ ላይ ያለች እናት በተራ የቁልፍ ስልኳ *127# ደውላ ልጇ ከከተማ የላከላትን ብር ማየት ትችላለች።

● በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ አካባቢዎች ለወራት አልተመለሰም። መስመር መዘርጋት ግማሽ ሥራ ነው፤ ተማሪውም ነጋዴውም የሚጠቀመው ሳይቋረጥ ሲቆይለት ነው።