በወቅፍ የቆመች ከተማ፦ የሳራዬቮን ሰፈሮች በእግር



አውሮፓ ውስጥ ስላለው እስልምና ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን በቅርብ ዓመታት ለሥራና ለትምህርት የሄደ ሰው፣ ጁምዓም በኪራይ አዳራሽ ሲሰገድ ነው። የቦስኒያ ሄርዞጎቪና ዋና ከተማ ሳራዬቮ ግን ከ500 ዓመት በላይ አዛን ሲሰማባት የኖረች ከተማ ናት። ዛሬ ሰፈሮቿን በእግር እየዞርን እናያለን። ስለ ከተማዋ ስናነብ በየሰፈሩ ደጋግሞ የገጠመን አንድ ቃል ስላለ እሱን ተከትለን እንሄዳለን፤ ቃሉ ወቅፍ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ የዑስማንያ አስተዳዳሪ በነበሩት በኢሳ በይ ኢሳኮቪች ነው። የ1462ቱ የወቅፍ ሰነዳቸው ለከተማዋ እንደ ልደት ወረቀት ይቆጠራል። በሚሊያትስካ ወንዝ ዳር መስጂድ፣ ድልድይ፣ የሕዝብ መታጠቢያና የመንገደኛ ማረፊያ አሠሩ፤ ለእነዚህ መተዳደሪያ የሚሆን ገቢ የሚያስገቡ ሱቆችንም ወቀፉ። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ብሮዳጽ የሚባል መንደር ነበረበት። ኢሳ በይ መሬቱን ሲወስዱ ለመንደሩ ሰዎች በሌላ ቦታ ምትክ መሬት ሰጥተዋል። የአገዛዝ ጉልበት በእጃቸው የነበረ ሰው ይህን ማድረጋቸውን ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም።

ወደ ሰፈሮቹ እንግባ። ቦስኒያዎች የመኖሪያ ሰፈርን «ማሃላ» ይሉታል። ከእኛ «መሐላ» ጋር አይገናኝም፤ ከዐረብኛ በቱርክኛ በኩል የመጣ ቃል ነው። አንድ ማሃላ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ መስጂድ ጀማዓ ያህል ነበር። መሐሉ ላይ መስጂድ፣ አጠገቡ ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበት መክተብ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ዳቦ ቤትና ትንሽ የቀብር ቦታ ይኖራል። ቤቶቹ ከዚያ ተነስተው በኮረብታው ላይ ሽቅብ ይወጣሉ። አሁንም እንደ ቭራትኒክና ቢስትሪክ ባሉ ዳገታማ ሰፈሮች ሲሄዱ በግንብ የታጠሩ ግቢዎችና ጠባብ የድንጋይ መንገዶች ይታያሉ። ከሽቅብታው የተነሳ የላይኛው ቤት ከታችኛው ጣሪያ በላይ አሻግሮ ሸለቆውን ያያል፤ የጎረቤትን እይታ አለመጋረድም የሰፈሩ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ጉርብትናን የሚጠሩበት «ኮምሺሉክ» የሚል ቃል አላቸው፤ የትኛውም እምነት ተከታይ ጎረቤት ይካተትበታል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሳራዬቮ ወደ 100 የሚጠጉ ማሃላዎች ነበሯት። ብዙዎቹ የተሰየሙት መስጂዱን ባሠራው ሰው ስም ነው፤ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ገዥዎችና ጦር መሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎችም ነበሩበት። ሴቶችም ይወቅፉ ነበር፤ ኋላ የምናነሳቸው የጋዚ ሁስረቭ በይ ባለቤት ሻህዲዳር በራሳቸው ስም መስጂድና መክተብ አቋቁመዋል። በእኛ ጀማዓ «ሀብታም ስንሆን እንወቅፋለን» የምትል ቀልድ አለች። የሳራዬቮ እጅ ባለሙያዎች ያን ቀን የጠበቁ አይመስልም።

ከማሃላው ቁልቁል ሲወርዱ የሚገኘው ገበያው፣ ባሽቻርሺያ ነው። መኖሪያና ንግድ ተለይተው ስለነበር ሰዉ ጠዋት ወርዶ ይሠራል፣ ማታ ወደ ማሃላው ይወጣል። መንገዶቹ በሙያ ስም ይጠራሉ፦ ሳራቺ የኮርቻ ሠሪዎች፣ ኮቫቺ የብረት ቀጥቃጮች፣ ካዛንጂሉክ ደግሞ የመዳብ ሠራተኞች መንገድ ነው። ካዛንጂሉክ ላይ እስካሁን የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ የሚሠራው ዕቃ ግን አብዛኛው ለቱሪስት የሚሸጥ ጀበናና ሳህን ሆኗል።

የገበያው እምብርት ጋዚ ሁስረቭ በይ ናቸው። ከ1521 እስከ 1541 ባለው ጊዜ አብዛኛውን ቦስኒያን ያስተዳደሩ፣ በእናታቸው በኩል የሱልጣን ባያዚድ ሁለተኛ የልጅ ልጅ ናቸው። በ1530 ገደማ ያለቀው ትልቁ መስጂዳቸው አሁንም የከተማዋ ዋና መስጂድ ነው። ፊት ለፊቱ በ1537 ያቋቋሙት መድረሳ አለ። በዙሪያው ለድሆችና ለመንገደኞች ምግብ የሚሰጥበት ማዕድ ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ መታጠቢያና ጣሪያ ያለው ረጅም ገበያ ተሠርቶ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሱቁ ይከራያል፣ ኪራዩ የኢማሙን ደመወዝ፣ የተማሪውን ቀለብና የጣሪያውን ጥገና ይሸፍናል። የወቀፈው ሰው ከሞተ በኋላም ሥራው ይቀጥላል። ሰደቀቱል ጃሪያ በሒሳብ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ይህን ይመስላል።

ከመስጂዱ አጠገብ የቆመውን የሰዓት ማማ ሳታዩ እንዳታልፉ። አንድ አውሮፓዊ ቱሪስት ቀና ብሎ ሲያየው «ተበላሽቷል» ይላል፤ ለእኛ ኢትዮጵያውያን ግን ያን ያህል እንግዳ አይሆንብንም፤ መርፌው ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ላይ ነው! መግሪብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ሰዓቱን በእጅ የሚያስተካክል ሰው አለ።

ከሳራቺ ወደ ፈርሃዲያ መንገድ ሲሻገሩ በጥቂት እርምጃ ውስጥ የድንጋይና የእንጨት ሱቆቹ አብቅተው ከ1878 በኋላ የገቡት ኦስትሪያዎች የሠሯቸው ረጃጅም ሕንጻዎች ይጀምራሉ። በዚሁ አካባቢ የድሮው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የካቶሊክ ካቴድራልና ከስፔን የተባረሩት አይሁዶች ልጆች በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት ምኩራብ በአጭር የእግር መንገድ ርቀት ላይ ይገኛሉ። በወንዙ ዳር ያለው የላቲን ድልድይ በ1914 የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ በአቅራቢያው ስለተገደለበት ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ እኛ እናልፈዋለን።

ወደ ኮቫቺ እንመለስ። ከገበያው በላይ ያለው ዳገት ዛሬ በነጫጭ የመቃብር ድንጋዮች ተሞልቷል። ከሚያዝያ 1992 እስከ የካቲት 1996፣ ለ1,425 ቀናት፣ ሳራዬቮ በሰርብ ኃይሎች ተከባ ነበር። ከኮረብታዎቹ ላይ ሆኖ የሚተኩስ ሰው እያንዳንዱን ማሃላ ቁልቁል ያያል፤ ለጎረቤት እይታ የተጠበቀው ዳገት ለአልሞ ተኳሽ ተመቸ። ከ11,000 በላይ ሰው አለቀ። ቧንቧ ሲደርቅ ሰዉ ጀሪካን ይዞ ቢስትሪክ ሰፈር ካለው ምንጭ ይሰለፍ ነበር። ነሐሴ 1992 የአገሪቱና የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ያገለግል የነበረው ሕንጻ በመድፍ ተቃጥሎ ከ1 ሚሊዮን በላይ መጽሐፍ አመድ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለማውራት ወደ 1537ቱ የመድረሳው የወቅፍ ሰነድ እንመለስ። ጋዚ ሁስረቭ በይ ከግንባታው የሚተርፈው ገንዘብ መጻሕፍት እንዲገዙበትና ተማሪዎችም ተመራማሪዎችም እንዲጠቀሙባቸው ደንግገው ነበር። ከዚያ ትርፍ የጀመረው ስብስብ በከበባው ጊዜ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ የእጅ ጽሑፎች ነበሩት። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ጽሑፎቹን በሙዝ ካርቶን እያሸጉ፣ በጥይት መሐል በእጃቸው እየተሸከሙ፣ አንዱ መደበቂያ ሲያሰጋ ወደ ሌላው ደጋግመው አዘዋወሩ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ለትምህርት ሳራዬቮ ገብቶ የቀረ፣ የሌሊት ጥበቃ ሆኖ የሚሠራ የኮንጎ ተወላጅ ነበር። እንደ እኛው ተማሪ ሆኖ የሄደ አፍሪካዊ ማለት ነው።

ወቅፍ በጥይት ብቻ አይጠፋም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው የኮሚኒስት መንግሥት አብዛኛውን የወቅፍ ንብረት ወርሶ ነበር፤ ከባሽቻርሺያ ሱቆችም ብዙዎቹ ያን ጊዜ ፈርሰዋል። ስለ ውርስ የአገራችን አባቶች የሚነግሩንን የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

የእጅ ጽሑፎቹ ግን አብዛኞቹ ከጦርነቱ ተርፈዋል። በ2014 በኳታር እርዳታ የተሠራ አዲስ ሕንጻ ተከፍቶላቸው አሁን ከመድረሳው አጠገብ ይገኛሉ። መድረሳውም ያስተምራል። ከእኛ አንዱ ለትምህርትም ይሁን ለመንገድ እዚያ ከደረሰ፣ ዙህርን በትልቁ መስጂድ ሰግዶ መንገዱን ብቻ ይሻገር፤ የንባብ ክፍሉ እዚያው ነው።