«ይራመዱ» አልኳቸው፣ «የት ልሂድ?» አሉኝ

 

አንዲት እናት ለክትትል መጡ። ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ውጤታቸውን አይቼ እንደ ሁልጊዜው «እማማ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ» አልኳቸው። ፈገግ ብለው «የት ልሂድ ልጄ? የሰፈሬ መንገድ ተቆፋፍሯል፣ መኪናው አለ፣ ውሻው አለ። ብወድቅ ማን ያነሳኛል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ራሴ ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ወንበር ነበር ኑሮዬ። ስለዚህ የተወሰኑ ቅዳሜና እሁዶችን የአዲስ አበባ ፓርኮችን እየዞርኩ ማየት ጀመርኩ። ያየሁትን ላካፍላችሁ።

እንጦጦ ፓርክ

በመጀመሪያ የሄድኩት በ2013 ዓ.ም. ወደተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ነው። ተሳስቻለሁ! ዳገቱን በፍጥነት ጀመርኩት፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ፣ ልቤም ትደልቅ ጀመር። ከተማችን ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ተራራ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ጫካው ግሩም ነው፣ ግን ለጀማሪ፣ ለልብና ለአስም ታካሚ የመጀመሪያ ቀን ቦታ አይደለም።

ወዳጅነት ፓርክ

በከተማዋ መሃል ያለ፣ ውኃ ያለበት ፓርክ ነው። መንገዱ የተስተካከለ ስለሆነ ጉልበት ለሚያማቸውና ለእናት አባቶቻችን ይመቻል። ደከም ሲላችሁ አረፍ ማለት ይቻላል።

ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል

ከከተማዋ በሰሜን ምዕራብ በኩል ይገኛል። የሀገራችንን ዛፎች በብዛት ታያላችሁ። ዳገት ስላለው ትንሽ ለለመደ ሰው ይሻላል።

መስቀል አደባባይ

ማለዳ ላይ የሚሮጠውንና ደረጃ የሚወጣውን ሰው ማየት ብቻ ሞራል ይሰጣል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ደግሞ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ሲለቀቅ ከተማችን ምን እንደምትመስል አሳይቶናል።

ከመውጣታችሁ በፊት ግን እነዚህን ልብ በሉ፦

1. ዒላማው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። 10 ደቂቃ ብቻ ከቻላችሁ በ10 ጀምሩ፤ ትንሽም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ለልጆች በቀን 60 ደቂቃ ያስፈልጋል።

2. ልኩን እንዴት ታውቃላችሁ? እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልክ ናችሁ። ማውራትም ካቃታችሁ ቀስ በሉ።

3. ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስዱ፣ ከረሜላ ኪሳችሁ ይኑር። ላብ ላብ ካላችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ ቁጭ ብላችሁ ቶሎ ውሰዱ። በባዶ ሆድ አትውጡ።

4. የስኳር ታካሚ በነጠላ ጫማ አይራመድ። ቤት ስትገቡ እግራችሁን እዩ፤ ትንሽ ቁስልም ቢሆን አትናቁ።

5. ደረት ላይ ጫና፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስ መሳት የመሰለ ነገር ከመጣ ወዲያው አቁሙና ወደ ሆስፒታል ሂዱ። «ያልፋል» ብላችሁ አትጠብቁ።

እኚያ እናትስ ምን ሆኑ? በቀጣዩ ቀጠሮ የፓርኮቹን ዝርዝር ይዤ ጠበቅኳቸው። አንድ በአንድ ሰሙኝና «ለታክሲ በየቀኑ ከየት አመጣለሁ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አብረን አሰብን። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለሙ ነገሩኝ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው፣ መኪና የለበትም፣ ሰውም ያውቃቸዋል። «ከተሳለሙ በኋላ ግቢውን ሦስት ጊዜ ይዙሩት» ተባባልን። በወር አንድ እሁድ ደግሞ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወዳጅነት ፓርክ ይሄዳሉ።

አሁን ሦስቱ ዙር ስድስት ሆኗል። ስኳራቸው ገና ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም፣ መድኃኒታቸውንም አላቆምንም። ግን ደረጃ ሲወጡ እንደ ድሮው አያለከልኩም፣ እንቅልፋቸውም ተሻሽሏል።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ታካሚ «ተራመድ» ብዬ ብቻ አልሸኝም። «የት? ስንት ሰዓት? ከማን ጋር?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ። በጣም ጥሩው ፓርክ ሩቅ ያለው ውቡ ሳይሆን ነገም ከነገ ወዲያም ልትመለሱበት የምትችሉት ነው።

እናንተስ የት ነው የምትራመዱት? ለሰፈራችሁ ሰው እንዲጠቅም ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ለእናት አባቶቻችሁም አንብቡላቸው፤ ከቻላችሁ ደግሞ የፊታችን እሁድ እጃቸውን ይዛችሁ ውጡ።

ጤና ይብዛላችሁ!